ጠዋት የየሻረግ፣ ማታ የአይናለም

አሰላ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በ1960 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ሰው፣ "ቁርስ ካማረህ የሻረግ ቤት፣ መጠጥ ካማረህ አይናለም ቤት" ብሎ መከረኝ። የየሻረግን ቤት በማግስቱ አገኘሁት። የአይናለምን ቤት ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ቅንጬ በበላሁበት ጠረጴዛ ላይ፣ ቀይ አምፖል በርቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አንዲት ረጅም ጠይም ሴት ብርጭቆ ስታስቀምጥልኝ ነው ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት መሆናቸው የገባኝ። መሳቄን አይታ "አንተም ፈልገህ አጥተኸኝ ነበር?" አለችኝ። አዲስ መጤ ሁሉ እንዲሁ ይሸወድ ነበር መሰለኝ።

የቤቱ ባለቤት የሻረግ ነበረች። ፊት ለፊት "እትዬ" እያልኩ በአንቱታ ነበር የማነጋግራት፤ ስለ እሷ ሳስብ ግን የሻረግ ናት። ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትጋርድ ሴት። አባቷ ከመንዝ መጥተው የአርሲዋ ሮቤ የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ በሰማንያ ለበለጠ ተዳረች። በለጠ ከአርሲ አዲስ አበባ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሳምንቱን መንገድ ላይ ያሳልፋል፤ ሲመጣ ጨዋታው ቤቱን ይሞላዋል። ቤቱን በ1957 አብረው ነው የሠሩት። ጭቃውን እሷ ረግጣለች፣ ቆርቆሮውን እሱ መትቷል።

እኔ ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እዚያ ሰባት ዓመት ያህል ኖርኩ። ከምነግራችሁ አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የቀረውን እሷ ራሷ ነግራኛለች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይከፈታል። የአሰላ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይገባል። የጋሪ ነጂው፣ ፍርድ ቤት የተቀጠረው ባለጉዳይ፣ እህል ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ለእርሻ ሥራ የመጣው ፈረንጅ ሳይቀር እጁን እያፋተገ ይገባል። ቅንጬው በቅቤ አብረቅርቆ፣ ጭኮው በሳህን ተድቦልቡሎ፣ እንቁላሉ በሽንኩርት እየተንጫጫ፣ ወተቱ በትልቅ ድስት እየፈላ ይጠብቀዋል። ወርቅቱ የምትባል ከሳጉሬ አካባቢ የመጣች ወጣት እሳቱ ላይ ትቆማለች፤ የሻረግ ደግሞ ትእዛዙን በኦሮምኛም በአማርኛም እየተቀበለች ትጮህላታለች። ቦታ የጠፋበት ሰው ቆሞ ይበላል። የማይተዋወቁ ሰዎች ከአንድ ሳህን ሲጎርሱ ያየሁት እዚያ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሻረግ ሽርጧን ትፈታለች። ጠረጴዛዎቹን ትወለውላለች፤ ከዚያ በጓሮ በር ስትወጣ አይናለም በዚያው በር ትገባለች። ተኳኩላ፣ ጠጉሯን አበጥራ። "እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?" "እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?" ቁልፉን ይቀባበላሉ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቤት እየሠሩ የሚገናኙት ያችን ያህል ነበር።

አይናለምን ያመጣት በለጠ ነው። "ቁርስ ብቻውን ቤት አያቆምም" ብሎ በ1959 ከናዝሬት ይዟት መጣ። እዚያ አንድ ሆቴል ስትሠራ መጠጥ መቀላቀል ተምራ ነበር። ጂኑን ከሎሚ፣ ሎሚውን ከስኳር፣ በላዩ ቀይ ሽሮፕ ጠብ ታደርግና ብርጭቆው ከሥሩ ቀልቶ ከላዩ ነጥቶ ይወጣል። ጠጪዎቹ "ጀንበር" ብለው ሰየሙት። "አይንዬ፣ አንድ ጀንበር!" ማለት የከተማው ፋሽን ሆነ። ለዚያች ብርጭቆ ሲሉ ከኢተያ፣ ከሲሬ የሚመጡ ነበሩ። ሸክላው ይዘፍናል፣ ሰው ይደንሳል፣ አይናለም ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ለሁሉም ፈገግ ትላለች፤ ለማንም ግን አትቀመጥም። ከሰው ጋር ስትቀመጥ ስላላየናት ልቧ የማንም አይደለም ብለን ነበር። ተሳስተናል።

የሻረግ ልጅ አልወለደችም። ዘጠኝ ዓመት ስለት ተስላለች። ጠበል ሄዳለች፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፣ ሥር ቀምሰሽ ትወልጃለሽ ያላትንም ሰምታለች። በለጠ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳትም። "ይህን ነበር የምወድለት" ትለኝ ነበር።

በ1961 ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል። አይናለም ከእኩለ ቀን በፊት ተነሥታ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ ልጠጣ ብላ ወጣች። ወርቅቱ ቅቤ ስታነጥር ነበር። ሽታው እንደደረሰባት አይናለም አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። የሻረግ ማማሰያዋን አስቀምጣ ተከተለቻት። ግድግዳውን ተደግፋ አገኘቻት።

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ሁለት መሰለኝ፣ እትዬ።"

"የማን ነው?"

አይናለም መሬት መሬት አየች። አልመለሰችም።

"ዝምታዋ ነው የነገረኝ" አለችኝ የሻረግ ከብዙ ጊዜ በኋላ። "ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን ትጠራው ነበር።"

በለጠ ከሁለት ቀን በኋላ ከመንገድ ገባ። ቅንጬ አቀረበችለት። በልቶ ሻዩን ሲያነሣ፣ "አይናለም እስክትወልድ የቢራ ሣጥን እንዳታነሣ ንገራት" አለችው። ሻዩ ትን አለው። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ያን ዕለት ግን አንሶላዋን ይዛ ከማድ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ከበለጠ ጋር አንድ አልጋ አልተኛችም።

ከተማው ብዙ አወራ። "ጠጉሯን ይዛ ብታስወጣት ማን ይፈርድባታል?" ይባል ነበር። እኔም ወጣት ነበርኩና አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንዳላባረረቻት ጠየቅኋት። እንቁላል እየሰበረች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

"ባባርራት ልጁም አብሯት ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ለምኛለሁ፣ አስተማሪ። እግዜር በሌላ ሴት በር ቢያስገባው እኔ በሩን ልዝጋበት?"

ልጅቱ በ1961 ጳጉሜን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተወለደች። አዋላጇን የጠራቻት የሻረግ ናት፤ ገንፎውን ያገነፋችው የሻረግ ናት፤ ፅጌረዳ ብላ ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። አይናለም አራስ ቤት ሳለች ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲስቁ ሰማሁ። በለጠ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ማታ ማታ አይናለም መደርደሪያው ጋ ስትቆም፣ ሙዚቃው ሕፃኗን እንዳይረብሻት የሻረግ ይዛት ትተኛለች። ጠዋት ደግሞ አይናለም የሌሊቱን እንቅልፍ ስትከፍል ሕፃኗ የሻረግ ጀርባ ላይ ታዝላ ቁርስ ቤት ትውላለች። በቀኑ መካከል እናቷ ትነሣና ታጠባታለች፣ ታጥባታለች፣ ታጫውታታለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጀንበር ጠሪዎቹ ይመጣሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰዓቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው።

ፅጌረዳ በእግሯ ስትሄድ ቤቱ ሌላ ሆነ። ወርቅቱ "ኮቱ ኛዱ" አስተማረቻት፤ በኦሮምኛ “ና፣ ብላ” ማለት ነው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ "ኮቱ ኛዱ!" ትለዋለች፤ ሳይርበው የሚገባ ነበር። እህል ነጋዴው ሐጂ ከዲሮ ከረሜላ በኪሳቸው ሳይዙ ቁርስ አይመጡም ነበር። የሻረግ ከእግር እስከ ራሷ ተለወጠች። ስትስቅ አፏን መጋረድ ተወች። እኔ ፊደል አስቆጥርልሻለሁ ብዬ ልጅቱን ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጣት፣ "አታስጨንቃት፣ ገና ናት" ትለኛለች፤ ዞር ስል ደግሞ "ሀ ደረሰች?" ብላ ትጠይቀኛለች።

ልጅቱ የሻረግን "እምዬ" ትላታለች። እናቷን ግን ሁሉም ሰው እንደሚጠራት "አይንዬ" ነበር የምትላት። ሁላችንም እንደ ጨዋታ ነበር የምንሰማው።

በ1966 ጥቅምት መጨረሻ የጎረቤት ሽማግሌ ሞተው የሻረግ ለቅሶ ቤት አመሸች። ልጅቱን ወርቅቱ ጋ አስተኝታት ነበር የሄደችው። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቷል፤ እኔም ከጓደኞቼ ጋር ጥግ ይዤ ነበር። የጓሮው በር ተከፈተና ፅጌረዳ በሌሊት ልብሷ፣ ጉንጯ በትኩሳት ቀልቶ፣ እያለቀሰች ገባች። አይናለም የያዘችውን ብርጭቆ ጥላ ሮጠች። ልታነሣት ስትል ልጅቱ በሁለት እጇ ገፋቻት።

"አንቺን አይደለም፣ አይንዬ! እምዬን! እምዬን ጥሪልኝ!"

ከጠጪዎቹ አንዱ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ "አይንዬ፣ ልጅሽም እንደኛ ነው እንዴ የምትጠራሽ?" አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አይናለም አልሳቀችም። ልጅቱ እየታገለቻት በግድ አቀፈቻትና ወጣች። ሸክላው አልቆ መርፌው እየተፋቀ ሲዞር የሚያነሣው ጠፋ። ወርቅቱ ወደ ለቅሶ ቤት ሮጠች፤ የሻረግ ነጠላዋን ሳታስተካክል መጣች፤ ልጅቱ እሷን ስታይ ዝም አለች። አይናለም ለሁለተኛ ጊዜ የተገፋችው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ማታ ቀዩ አምፖል አልበራም። በሳምንቱም አልበራም። በለጠ ከመንገድ ሲመለስ ከአይናለም ጋር ክፍሏን ዘግተው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ሽማግሌ ተጠራ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቁርስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሐጂ ከዲሮና በጡረታ ያሉት የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ገብረ መድህን ናቸው። እኔን የጠሩኝ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ውሉን እንድጽፍ ነው። ባልጠሩኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

በለጠ ጀመረ። "የአሰብ መስመር ሥራ አግኝቻለሁ። ናዝሬት ቤት ተከራይቻለሁ። አይናለምና ልጄ አብረውኝ ይሄዳሉ።" ይህን ሲል ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"የሰማንያ ሚስትህስ?" አሉ አቶ ገብረ መድህን።

"እሷ ካልፈለገችኝ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቤቱን እኩል እንካፈልና በሰላም እንለያይ።"

የሻረግ እስከዚያ ድረስ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ነበር። አሁን ቀና አለች።

"ቤቱ አይካፈልም" አለች። "እንዳለ ውሰዱት። ወንበሩንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ድስቱንም። እኔ አንድ አንሶላ ይዤ እወጣለሁ። ልጅቱን ተዉልኝ።"

የሐጂ ከዲሮ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቆመ። ብዕሬን አነሣሁ። በለጠ አፉን ሊከፍት ሲል አይናለም ቀደመችው።

"አንተ ዝም በል!" አለችው። ከዚያ ወደ የሻረግ ዞረች። "እትዬ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ግማሹንም አንወስድም። እኔ ልጄን ጡቴን ከማጥባት በቀር ያደረግሁላት ነገር የለም፤ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን እትዬ፣ ልጄ እንደ ጠጪ በስሜ ትጠራኛለች። አንድ ዓመት ብጨምር እናቷ መሆኔን እኔም እረሳዋለሁ። እኔ አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ከእሷ ሌላ በዚህች ምድር ላይ ምን አለኝ?"

ከውጭ የጋሪ ቃጭል ይሰማል። የሻረግ አይናለምን ለረጅም ጊዜ አየቻት። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር።

"እውነቷን ነው" አለች በመጨረሻ። "ጻፍ፣ አስተማሪ። ቤቱ የየሻረግ፣ ልጅቱ የእናቷ።"

ጻፍኩ። በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ ጻፍኩ።

የሄዱት ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። በለጠ ዕቃውን ጭኖ ቀድሞ ነበር። የሻረግ ጠዋት ፅጌረዳን አጠበቻት፣ ጠጉሯን ሠራቻት፣ ቁርሷን አበላቻት። ልጅቱ አውቶቡስ መሳፈሯ ደስ ብሏት ስትዘል ነበር። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ገባት። አይናለም ገብታ እጇን ስትዘረጋላት ወደ ኋላ አለች።

"እምዬ ካልገባች አልገባም።"

ብናባብላት እንቢ አለች። ረዳቱ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። የሻረግ ልጅቱን ይዛ ገባችና ከአይናለም ጎን ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሣ። እኔና ወርቅቱ በመስኮቱ ሥር ቆመን ነበር፤ ሁሉንም ሰማነው።

"ፅጌዬ፣ ወተቱን እሳት ላይ ረስቼው መጣሁ" አለቻት። "ይገነፍላል። ሮጥ ብዬ ላውርደውና በሚቀጥለው አውቶቡስ እደርሳለሁ።"

ልጅቱ አንገቷን ይዛ ፊት ለፊት አየቻት። "ሙች በይኝ።"

"እውነቴን ነው።"

"ሚካኤልን በይ።"

"ሚካኤልን" አለች።

ልጅቱ አንገቷን ለቀቀቻት። የሻረግ ወረደች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ፅጌረዳ በመስኮቱ እጇን እያውለበለበች፣ "እምዬ፣ ቶሎ በይ! ይገነፍላል!" ስትል ሰማናት።

ወደ ቤት ተመለስን። እሳት ላይ የተረሳ ወተት አልነበረም፤ ወርቅቱ ከማለዳው አውርዳዋለች። የሻረግ ገብታ ከማሰሮው ወተት ቀዳች፣ ጣደች፣ እስኪገነፍል ቆማ ጠበቀችና አወረደችው። ከዚያ እንቁላል ያዘዙ ሰዎች ነበሩና እንቁላል መስበር ጀመረች። አንዱ "ትንሿ ዛሬ የት አለች?" ሲላት፣ "ናዝሬት ሄዳለች" አለችው፤ ሳህኑንም አስቀመጠችለት።

ማታውን ለመቀጠል ሞከረች። አምፖሉን አብርታ ከመደርደሪያው ጀርባ በጠዋቱ ሽርጧ ቆመች። ቢራ መክፈት ትችላለች፤ መቀላቀል ግን አታውቅም። ሰዎቹ መጡ፣ አንድ ሁለት ጠጡ፣ ለወጉ ተጫወቱ። እሷን እያዩ መደነስ ከበዳቸው መሰለኝ። ጥር ሳይጋመስ ከእኔና ከሌላ አንድ አስተማሪ በቀር የሚመጣ ጠፋ። አንድ ማታ "አስተማሪ፣ አንተም ስለኔ ብለህ አትጠጣ" አለችኝና መብራቱን አጠፋች። የማታው ቤት እንደዚያ ተዘጋ።

የካቲት ላይ እኛ አስተማሪዎች ሥራ አቆምን። አዲስ አበባ ታክሲ ነጂውም አድሟል፣ ቤንዚን ተወዷል፣ ቁርስ ቤቱ በወሬ ይታመሳል። የሻረግ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልገባትም። ትምህርት ቤት አለመግባቴን ብቻ ነው የያዘችው። "ሥራ ካልያዝክ ናዝሬት ውሰደኝ" አለችኝ። ለቆላ የሚሆን ስስ ቀሚስ አሰፋች፤ ጭኮ በቆርቆሮ ያዘች። በአውቶቡስ ስንሄድ ቆርቆሮውን ከጭኗ አላወረደችውም። "ምን ብዬ ልጀምርላት?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔም አላወቅሁም።

የአይናለም ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ከፊቷ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሻይ ጀበና። አይናለም አልተኳኳለችም፤ ከስታለች። ስታየን ደነገጠች፣ ከዚያ እያለቀሰች የሻረግ ጉልበት ላይ ተደፋች። በለጠ አሰብ መንገድ ላይ ነው፣ ከመጣ ወር ሊሆነው ነው አለችን። "እኔ ጠዋት ጠዋት ሻይ እሸጣለሁ፣ እትዬ። ማታ እዘጋለሁ። ማታ ከእሷ ጋር ነኝ።"

ፅጌረዳ ከበሩ ውስጥ ቆማ ታየን ነበር። ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ግን ረዝማለች። የሻረግ በርከክ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። "ፅጌዬ! እኔ ነኝ።"

ልጅቱ አልመጣችም። "የሚቀጥለው አውቶቡስ ይሄ ነው?" አለች።

የሻረግ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

አይናለም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችን። አንድ ወር ሙሉ ልጅቱ በየቀኑ መናኸሪያ ውሰጂኝ ስትል፣ ከአሰላ የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ቆማ ስትጠብቅ ኖራለች። ካልወሰድኋት አትበላም አለች። አንድ ቀን ግን ራሷ "ተይው፣ አንሂድ" አለቻት። “ከዚያ ወዲያ ስምዎን አንሥታ አታውቅም፣ እትዬ” አለች።

የሻረግ ጭኮውን ከፍታ አሳየቻት፤ ቀሚሱንም ዘረጋችላት። ልጅቱ ቀሚሱን አየችው። ከዚያ ወደ አይናለም ሄዳ ጉልበቷን አቀፈች፤ ፊቷንም ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

"እማዬ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትሄደው?" አለች።

አይናለም ያንን ቃል አራት ዓመት ስትጠብቀው ነበር። ስትሰማው ግን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እንድናድር ለመነችን፤ የሻረግ እንቢ አለች። ሲሰነባበቱ አይናለም "ይቅር ይበሉኝ" ብላ እጇን ልትስም ስትል የሻረግ አስጥላ አቀፈቻት። "የዋሸኋት እኔ ነኝ" አለቻት። "አንቺ አልዋሸሻትም። አንቺን ብትጠላ ኖሮ ነበር የሚከፋው።"

ስንመለስ ዴራን አልፈን ዳገቱን እስክንጀምር በመስኮቱ ታይ ነበር። ከዚያ ልቅሶዋ መጣ። እንደ ለቅሶ ቤት ልቅሶ ድምፅ ያለው አይደለም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት "ማን ሞቶባት ነው፣ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። "ልጇ" አልኳቸው።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ጠዋት በለጠ መጣ። እንደ ማንኛውም ሰው ገብቶ ጥግ ያዘ። ጺሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ቆሽሿል። የሻረግ ቅንጬ አቀረበችለት፤ ሰዉ ቀለል እስኪል ጠበቀና፣ "የሻዬ፣ ልመለስ ብዬ ነው የመጣሁት" አላት። "የአሰብ ሥራ አልሆነልኝም። አይናለምም እንደ ድሮው አይደለችም። ከልጅቱ በቀር ሰው አይታያትም። ሽማግሌ እልካለሁ፣ ታረቂኝ።"

የሻረግ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። አጠገባቸው ነበርኩና ልነሣ ስል በእጇ ተቀመጥ አለችኝ።

"ልጅቱ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት።"

"ትበላለች?"

"ትበላለች።"

"እሷን ጥለህ ነው የመጣኸው?"

በለጠ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"በለጠ፣ እኔ አንተን አንድ ጊዜ አጥቼሃለሁ፤ ለምጄዋለሁም" አለችው። "ያቺ ልጅ ግን የሚጠብቁት ሰው እንደሚቀር አንዴ አይታለች። ያሳየኋት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንድታይ አታድርጋት። ቁርስህን ጨርስና ሂድ። ማታ ማታ ቤትህ ግባ።"

ጨረሰ። ሲነሣ ገንዘብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት፣ "ተው" አለችው። በሩ ላይ ትንሽ ቆመና ወጣ። ናዝሬት መመለሱን ሹፌሮች ነግረውኛል፤ እህል መጋዘን በቀን ሥራ ገብቶ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል አሉ። ለየሻረግ ስነግራት "ጥሩ" ብቻ አለች።

ያ ክረምት ከበዳት። ቅንጬው ማረር፣ ጨው መብዛት ጀመረ። ሰው ስሟን ጠርቶ ቢያዝ አትሰማም። ነሐሴ ላይ ቤቱን ሀሰኖ ለሚባል ልብስ ሰፊ አከራየችውና ሮቤ ወንድሟ ጋ ለመሄድ ተነሣች። ዕቃዋን እኔና ወርቅቱ ጫንንላት። ወርቅቱ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔ "እትዬ፣ ሮቤ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ" አልኳት። "እሺ" አለች፣ እንደሚጠብቅ ሰው ሳይሆን እንደ ሰማ ሰው ብቻ።

በ1967 ጥቅምት ወርቅቱን ገበያ አገኘኋት። ሮቤ ደርሳ እንደመጣች ነገረችኝ። እትዬ እንዴት ናት አልኳት።

"ጤናዋ ደኅና ነው" አለችኝ። "ለወንድሟ ሚስት እህል ትለቅምላታለች፣ ውኃ ትቀዳላታለች። እዚያ ቤት አራት ሕፃናት አሉ። አንዱንም አቅፋ አላየኋትም። ሲመጡባት ትነሣና ወደ ጓሮ ትሄዳለች።"

ሮቤ ሩቅ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ልሄድ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አስተማሪና ተማሪ ገጠር የሚዘምትበት ዘመቻ መጣና አሰላን ለቅቄ ወጣሁ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።